በመኪና ወደ ዩኮን፣ አላስካና አርክቲክ፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ይሻላችኋል?

ስለ ሰሜኑ ጉዞ ሰው ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ነው፣ በትንሽ አውቶሞቢልም ይኬዳል» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ «ሁለት ስኮርታ ሳትይዙ እንዳትሞክሩት» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያዩ መንገዶች ነው።

እዚህ የምናወዳድረው አራት መንገዶችን ነው፦ አላስካ ሃይዌይን፣ ስቱዋርት-ካሲያርን (ሃይዌይ 37)፣ ዴምፕስተርን እና ዳልተንን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ሰሜን የሚያወጡ ናቸው። አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ወይም በአንዱ ሄዳችሁ በሌላው ትመለሳላችሁ። የኋለኞቹ ሁለቱ የአርክቲክ ክበብን አልፈው የሚሄዱ የጠጠር መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ውሳኔው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ «በየት እንውጣ?»፣ ቀጥሎ «ጠጠሩን እንጨምር ወይስ ይቅር?»።

በምን እንለካቸው?

ውበትን መለኪያ አላደረግነውም። አራቱም ያምራሉ፣ በፎቶ መምረጥ ግን ጎማ ሲተኛ አይረዳም። ለውሳኔ የሚጠቅሙት የሚከተሉት ናቸው።

ቀዳሚው በሁለት ማደያዎች መካከል ያለው ረጅሙ ርቀት ነው። አስፋልት ላይ በ100 ኪ.ሜ 10 ሊትር የሚበላ መኪና ዕቃ ተጭኖ ጠጠር ላይ ሲሄድ 12 ሊትር ይበላል ብላችሁ አስሉ። የነዳጅ ጋኑ 60 ሊትር ከያዘ 500 ኪ.ሜ ይወስዳችኋል ማለት ነው። ከዚህ አንድ አምስተኛውን ለጭቃ፣ ለፊት ለፊት ንፋስና ተዘግቶ ለሚጠብቃችሁ ማደያ ቀንሱ። 400 ኪ.ሜ ይቀራል። የራሳችሁን መኪና በዚሁ መንገድ አስሉና ቁጥሩን ጻፉት፤ ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች የምትመዝኑት በእሱ ነው።

ሁለተኛው የመንገዱ ገጽ ነው፦ አስፋልት፣ ጠጠር፣ ወይስ የተቀላቀለ? ሦስተኛው መንገዱ የሚዘጋበት ወቅትና መዘጋቱ የሚያስከትለው የቀን ብክነት ነው። አራተኛው የመኪና ኪራይ ውል ነው። ብዙ አከራዮች በጠጠር መንገድ መንዳትን ይከለክላሉ፣ አንዳንዶቹ ዴምፕስተርንና ዳልተንን በስም ጠቅሰው ነው የሚከለክሉት። ክልከላውን ጥሶ የነዳ ሰው የገዛው ኢንሹራንስ ላይሠራለት ይችላል። በስልክ የተሰጠ «ችግር የለም» ዋስትና አይሆንም፤ ፈቃዱ ውሉ ላይ ተጽፎ እዩት።

አምስተኛው ወረቀት ነው፤ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ሲገባ ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ የዜግነት ፓስፖርቱን አብሮ ማሳየት አለበት። ካርዱ ብቻውን አይበቃም። በካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ደግሞ አላስካ ለመግባት የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛ ከሌለ ዳልተን ከምርጫው ወጣ ማለት ነው፤ ዴምፕስተር ግን ሙሉ በሙሉ ካናዳ ውስጥ ስለሆነ ድንበር ሳይሻገሩ አርክቲክ ውቅያኖስ ያደርሳል።

አላስካ ሃይዌይ

ከዳውሰን ክሪክ (ብሪቲሽ ኮሎምቢያ) ይነሳና ፎርት ኔልሰንን፣ ዋትሰን ሌክንና ዋይትሆርስን አልፎ አላስካ ውስጥ ዴልታ ጀንክሽን ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 2,230 ኪ.ሜ ገደማ ነው። ከዚያ ፌርባንክስ 155 ኪ.ሜ ያህል ትርቃለች። የስልካችሁ ካርታ ላይ ስትጽፉ ዳውሰን ክሪክን ከዳውሰን ሲቲ (ዩኮን) ለዩ፤ በዋይትሆርስ በኩል በመካከላቸው 1,900 ኪ.ሜ ገደማ አለ።

መንገዱ የተቀደደው በ1942 በጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ነው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 20 ተመረቀ። ከሠሩት ወታደሮች ሲሶው ገደማ ከነጮች ተለይተው የተመደቡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ለረጅም ዘመን ስማቸው ሳይነሳ ቆይቷልና በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለናል። በጥድፊያ የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ በኋላ እየተስተካከለ አጥሯል። ዳር ላይ የምታዩት «ታሪካዊ ማይል» የሚል ሰሌዳ የድሮውን ርቀት ነው የሚነግራችሁ። ነዳጅ በእሱ እንዳታሰሉ፤ የመኪናችሁን ቆጣሪ ተከተሉ።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ በበረዶ ወራትም አይዘጋም። በሰመር ማደያዎች ይደጋገማሉ፤ ግማሽ ሲደርስ የሚሞላ ሰው አይቸገርም። ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ግን ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ማደያዎችና ማደሪያዎች ይዘጋሉ፤ ያኔ ያገኙበት ሁሉ መሙላት ነው።

አስቸጋሪው ክፍል ከዲስትራክሽን ቤይ እስከ አላስካ ድንበር ያለው ነው። ከመንገዱ ሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ጥቁሩ አስፋልት የፀሐይ ሙቀት ስቦ በረዶውን ሲያቀልጠው መሬቱ አንድ ቦታ ይሰምጣል፣ ሌላ ቦታ ይቆማል፤ መንገዱ እንደ ማዕበል ይሆናል። ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል። በ90 ሲገቡበት መኪናው ይዘላል፣ ተጎታች ካለ መያዣው መሬት ይመታል። የባሱት ቦታዎች ላይ ትናንሽ ባንዲራዎች ይተከላሉ። ባንዲራ ስታዩ ወደ 60 አውርዱ።

ሌላው እንስሳት ናቸው። በሊያርድ ወንዝ አካባቢ ጎሾች በመንጋ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ቆዳቸው ጥቁር ስለሆነ ማታ በፓውዛ እንኳ ዘግይተው ነው የሚታዩት። በዚያ ክፍል ሲመሽ አለመንዳት ነው።

ስቱዋርት-ካሲያር (ሃይዌይ 37)

ኪትዋንጋ ላይ ከሃይዌይ 16 ተገንጥሎ ዋትሰን ሌክ አቅራቢያ ከአላስካ ሃይዌይ ጋር ይገናኛል፤ 725 ኪ.ሜ ያህል ነው። ከፕሪንስ ጆርጅ ለሚነሳ ሰው በዚህ በኩል መውጣት በዳውሰን ክሪክ ዞሮ ከመሄድ በ150 እና በ200 ኪ.ሜ መካከል ያሳጥራል። ከኤድመንተን ወይም ከካልጋሪ ለሚነሳ ግን ዙር ነው፤ እነሱ በአላስካ ሃይዌይ ቢወጡ ይቀናቸዋል።

ገጹ አስፋልት ነው፣ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። በተለይ ሰሜናዊው ግማሽ በብዙ ቦታ የዳር መቆሚያም የመሐል መስመርም የለውም፤ የማዕድን ከባድ መኪና ከፊት ሲመጣ ቦታ ያጥራል። ሰፊ የመኖሪያ መኪና ወይም ተጎታች የያዘ ሰው ይህን ይመዝን። ነዳጅ በሜዚያዲን ጀንክሽን፣ በኢስኩትና በዲስ ሌክ ይገኛል። ከዲስ ሌክ እስከ ዋትሰን ሌክ ያለው 255 ኪ.ሜ ገደማ ነውና ዲስ ሌክን ሳትሞሉ አትለፉ።

ጊዜ ካላችሁ ከሜዚያዲን ወደ ምዕራብ 65 ኪ.ሜ ያህል ገብታችሁ ስቱዋርትን እዩ። ቤር ግላሲየር የሚባለው ግግር በረዶ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ይታያል።

በሁለቱም የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንገዶች ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው።

ዴምፕስተር

ውሳኔው የሚከብደው እዚህ ነው። ዴምፕስተር ከዳውሰን ሲቲ 40 ኪ.ሜ ገደማ በስተምሥራቅ ተገንጥሎ እስከ ኢኑቪክ 740 ኪ.ሜ ያህል በጠጠር ይሄዳል። በኖቬምበር 2017 የተከፈተው 138 ኪ.ሜ ተጨማሪ መንገድ ከኢኑቪክ ወደ ቱክቶያክቱክ፣ እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ይወስዳል። ደርሶ መልሱ ከዳውሰን ሲቲ 1,830 ኪ.ሜ አካባቢ ነው። ከስድስት ቀን ባነሰ ለመጨረስ መሞከር መኪናውንም ሾፌሩንም ይጎዳል።

ነዳጁን እንይ። ከመገንጠያው በኋላ ቀጣዩ ማደያ ኢግል ፕሌንስ፣ 369ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ዳውሰን ሲቲ ከሞላችሁ 409 ኪ.ሜ ነው ማለት ነው። ከላይ ያሰላነው መኪና የሚተማመንበት ርቀት 400 ስለነበር 20 ሊትር ጄሪካን የግድ ይሆናል። ጄሪካኑን አፉ ድረስ አትሙሉት፤ ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል። ከጋቢና ውጭ እሰሩት። ከኢግል ፕሌንስ በኋላ ፎርት ማክፈርሰንና ኢኑቪክ ነዳጅ አለ፤ ርቀቱ በየመካከሉ ወደ 180 ኪ.ሜ ስለሆነ አያሳስብም።

ከነዳጁ የበለጠ ሰው የሚያቆመው ጎማ ነው። መንገዱ በብዙ ቦታ የተለበሰው በሼል ድንጋይ ነው፤ ይህ ድንጋይ ሲሰበር በንጣፍ በንጣፍ ይሰነጠቅና ጠርዙ ስለታም ይሆናል። ግሬደር ገና ያለፈበት ክፍል ለስላሳ መስሎ ይታያል፣ ግን ስለታሙን ጠርዝ ወደ ላይ ገልብጦት ስለሚሄድ ከሌላው የባሰ ነው። የፍጥነት ገደቡ 90 ቢሆንም እዚያ ክፍል ላይ 60 ይበቃል። ጎማው በመሬት ነክ ክፍሉ ከተበሳ በመድፈኛና በ12 ቮልት መንፊያ ይጠገናል። ጎኑ ከተቀደደ ግን መድፈኛ አይሠራም። ሁለት ሙሉ ስኮርታ ያዙ የሚባለው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ለዚህ መንገድ አይቆጠርም።

ክሪኩ ጠጠርና ጭቃ ላይ ይሰምጣል፤ ከሥሩ የሚደረግ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ያዙ። ጎማ የቀየራችሁ እንደሆነ ከ50 ኪ.ሜ በኋላ ቆማችሁ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፤ ኮረኮንቹ ያላላቸዋል።

ዝናብ ሲመጣ ሌላ ነገር ይሆናል። አቧራ እንዲይዝ መንገዱ ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ይደረጋል፤ ሲረጥብ ከሸክላው አፈር ጋር ተቦክቶ የሚያንሸራትት ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ የጎማው ሚዛን ይጠፋና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ብዙ ሰው የመኪናው እግር የተሰበረ ወይም አላይመንቱ የሄደ መስሎት ይደነግጣል፤ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ፍቆ ማጠብ ነው መድኃኒቱ። ራዲያተሩ ፊት ላይ የተለጠፈውንም አጽዱ፣ ሞተር ያሞቃል። ጨው ስለሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ከሥር በደንብ ይታጠብ።

መንገዱ ሁለት ወንዝ ይሻገራል፤ ፒል ወንዝ (539ኛው ኪ.ሜ) እና ማኬንዚ ወንዝ (608ኛው ኪ.ሜ)። በሰመር በነፃ ጀልባ፣ በበረዶ ወራት በረጋው ወንዝ ላይ ይታለፋል። በረዶው በሚሰበርበት የጸደይ ወቅትና በሚረጋበት የመኸር ወቅት ግን ለሳምንታት ማለፊያ የለም። በጁን መጀመሪያ ውሃው ከፍ ሲልና ግንድ ይዞ ሲመጣ ጀልባው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከዕቅዳችሁ ውጭ ሁለት ትርፍ ቀን ያዙ። ትርፍ ቀን የሌለው ሰው 405ኛው ኪ.ሜ ላይ ያለውን የአርክቲክ ክበብ ምልክት አይቶ፣ ኢግል ፕሌንስ ሞልቶ ቢመለስ ጥሩ ጉዞ አድርጓል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሰፍቶ ለአውሮፕላን ድንገተኛ ማረፊያ ይሆናል። ሰሌዳ አለው፤ እዚያ ቆማችሁ ምሳ እንዳትበሉ።

ዳልተን

ከፌርባንክስ በስተሰሜን 134 ኪ.ሜ ላይ ይጀምርና 666 ኪ.ሜ (414 ማይል) ሄዶ ዴድሆርስ ላይ ያበቃል። በ1974 የተሠራው አላስካን ለሚያቋርጠው የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ አቅርቦት ነው፣ ዋና ሥራው ዛሬም ይኸው ነው። ይህን ያወቀ ሰው መንገዱን ይረዳዋል፤ መንገዱ የከባድ መኪኖች ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ። ትልቅ መኪና ከፊት ሲመጣ ቀኝ ይዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከኋላ ሲመጣ አሳልፉ። በፍጥነት ከተላለፋችሁ የፊት መስታወታችሁን ጠጠር ይመታዋል። ቀንም ቢሆን መብራት ማብራት ግዴታ ነው። ሾፌሮቹ በሲቢ ሬድዮ ቻናል 19 ስለሚነጋገሩ ሬድዮ ካላችሁ ከፊት ያለውን ነገር ቀድማችሁ ትሰማላችሁ።

ጠጠሩ መሐል መሐል ላይ አስፋልት አለ። አስፋልቱ ደስ ብሎ ፍጥነት ያስጨምራል፣ ከዚያ ጉድጓድ ይመጣል፤ ቸርኬ የሚጎብጠው እዚያ ነው። አቲገን ፓስ (244ኛው ማይል፣ 1,444 ሜትር) ላይ በሰመርም በረዶ ሊጥል ይችላል።

ነዳጅን በተመለከተ ኮልድፉትን (175ኛው ማይል) መሠረት አድርጉ። ከዚያ እስከ ዴድሆርስ 386 ኪ.ሜ ምንም አገልግሎት የለም። ከፌርባንክስ እስከ ኮልድፉት ደግሞ 415 ኪ.ሜ ነው፤ መሐል ላይ ዩኮን ወንዝ ድልድይ አጠገብ ያለውን ማደያ ተማምናችሁ አትውጡ፣ ጄሪካን ያዙ። ከፌርባንክስ እስከ ዴድሆርስ ለሕዝብ የሚሆን የሕክምና ተቋምም የለም።

ብዙዎችን የሚያበሳጨው መጨረሻው ነው። ከዴድሆርስ ወደ ውቅያኖሱ የሚወስደው መንገድ በነዳጅ ማውጫው ቦታ ውስጥ ስለሚያልፍ በግል መኪና አይገባም። በአስጎብኚ ተሽከርካሪ ነው የሚገባው፤ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ተመዝግቦ መታወቂያ መስጠት ይጠይቃል። ሳይመዘገብ የሄደ ሰው ይህን ሁሉ ነድቶ ባሕሩን ሳያይ ይመለሳል።

በአንድ ዕይታ

| | አላስካ ሃይዌይ | ካሲያር | ዴምፕስተር (እስከ ቱክቶያክቱክ) | ዳልተን |
|---|---|---|---|---|
| ርዝመት | 2,230 ኪ.ሜ | 725 ኪ.ሜ | 878 ኪ.ሜ | 666 ኪ.ሜ |
| ገጽ | አስፋልት፣ የሰመጡ ቦታዎች | ጠባብ አስፋልት | ጠጠር፣ ሼል | ጠጠርና የተቆራረጠ አስፋልት |
| የምትዘጋጁበት የነዳጅ ርቀት | በሰመር 200 ኪ.ሜ | 255 ኪ.ሜ | 409 ኪ.ሜ | 415 ኪ.ሜ |
| መዘጋት | ዓመቱን ሙሉ ክፍት | ዓመቱን ሙሉ ክፍት | በጸደይና በመኸር ለሳምንታት | በበረዶ ማዕበል ለጊዜው |
| የሚያስፈልግ ቀን | በአንድ አቅጣጫ 5–7 | በአንድ አቅጣጫ 2–3 | ደርሶ መልስ 6 + 2 ትርፍ | ከፌርባንክስ ደርሶ መልስ 4–5 |
| ስኮርታ | 1 ሙሉ | 1 ሙሉ | 2 ሙሉ | 2 ሙሉ |
| በራስ መኪና ውቅያኖስ ዳር | የለም | የለም | ይደረሳል | አይደረስም |

መኪናውስ?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች ጤነኛ አውቶሞቢል ይበቃል። ፎር ዊል ከመግዛት ይልቅ ገንዘቡን ጎማ ላይ አውሉት፤ ዴምፕስተር ላይ ፎር ዊል ሆኖ ስስ የከተማ ጎማ ያደረገ መኪና ይቆማል፣ ተራ ፒክአፕ ባለ አሥር ንብብር የጭነት ጎማ አድርጎ ያልፋል። ረጅም የመኖሪያ መኪና ለጠጠሮቹ አንመክርም፤ ቁም ሳጥኑ ይፈታል፣ የውሃ ቱቦው ይላላል፣ አቧራው አልጋ ውስጥ ይገባል። ዳውሰን ሲቲ ወይም ፌርባንክስ አቁማችሁት ጠጠር የሚፈቅድ መኪና መከራየት ይሻላል።

በአራቱም ላይ ከከተማ ስትወጡ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ካልገዛችሁ ተከራዩ። የመኪና ማንሻ አባልነት ካላችሁ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጎትትና ጠጠር መንገድ እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ ከዴምፕስተር መሐል ማስጎተት የጉዞውን በጀት ሊውጥ ይችላል። የየዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ድራይቭ ቢሲ፣ 511 ዩኮን እና 511 አላስካ ላይ እያያችሁ ውጡ።

ማን የቱን ይምረጥ?

ልጆችና አረጋውያን ይዞ ሁለት ሳምንት ያለው ቤተሰብ፦ በአላስካ ሃይዌይ ወጥቶ ዋይትሆርስን ማዕከል አድርጎ በካሲያር ይመለስ። ጠጠሩን ይተወው። ሊያርድ ፍል ውኃ ላይ አንድ ሌሊት ይደር፤ በመኪና የደከመ ልጅም አዋቂም እዚያ ይታደሳል።

በተከራየው መኪና የሚጓዝና በጀቱ የጠበበ፦ እሱም አስፋልቱን ይያዝ። አርክቲክን የግድ ካለ ከፌርባንክስ ወደ ዳልተን የሚወስዱ አስጎብኚዎች አሉ፤ ሁለት ጎማና አንድ መስታወት ከመቀየር ይረክሳል።

ሦስት ሳምንትና የራሱ ፒክአፕ ያለው፦ ዴምፕስተርን ከዳልተን አስቀድመን እንመክራለን። ውቅያኖሱ ድረስ ያደርሳል፣ የከባድ መኪና ግርግሩ ያንሳል፣ በመንገዱ ላይም የግዊችንና የኢኑቪያሉት ሕዝብ መኖሪያ የሆኑ ከተሞች አሉ። ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይሂድ። ትንኝ የሚያስመርረው ኦገስት አጋማሽን ይጠብቅ፤ ትንኙ ይቀንሳል፣ ሜዳው ቀይና ብርቱካናማ መሆን ይጀምራል።

ጊዜው አጭር ሆኖ አላስካ ውስጥ ያለ ወይም ፌርባንክስ በአውሮፕላን የሚገባ፦ ዳልተን ነው የሚቀርበው። አምስት ቀን ከሌለው ኮልድፉት አድሮ ይመለስ።

ሁለቱንም የጠጠር መንገዶች በአንድ ጉዞ የሚያስብ ሰው ዳውሰን ሲቲንና አላስካን የሚያገናኘውን ቶፕ ኦፍ ዘ ወርልድ ሃይዌይ ይጠቀማል። እዚያ ያለው የድንበር ኬላ የሚሠራው ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ፣ ያውም ቀን ቀን ብቻ ነው። የዩኮን ሰዓት በሰመር ከአላስካ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ከአላስካ በኩል ስትመጡ ኬላው በሰዓታችሁ ክፍት መስሎ የካናዳው ወገን ተዘግቶ እንዳይጠብቃችሁ ከአላስካዋ ከተማ ከቶክ በጠዋት ተነሱ።